የዓመት ሙሉ የተባይ ርጭት ውል ከመፈረማችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ወንዝ አጠገብ አሮጌ ቤት ውስጥ ለምትኖሩ ሁሉ ነው የምጽፈው። ዝናብ ሊገባ ሲል በር እያንኳኩ የዓመት ሙሉ የተባይ መከላከያ ውል የሚያስፈርሙ ሰዎች አሉ። እኔ ፈርሜያለሁ። ሙሉ ክፍያውንም ቀድሜ ከፍያለሁ። የተረፈኝ ግን አይጥ ግድግዳው ውስጥ ሞታ የሸተተችበት፣ ምስጡ ደግሞ ያልተነካበት ቤት ነው። እናንተም እንዳትገቡበት ብዬ ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ በዘነበ ማግስት መስኮቱ ሥር የረገፈ ክንፍ አየሁ። ብዙ ነው። ደነገጥኩ። በዚያው ሳምንት ዩኒፎርም የለበሰ፣ አነጋገሩ ትሁት የሆነ ሰው መጣ። ክንፉን ሳሳየው ራሱን ነቀነቀና «ይሄ ቤት ተበልቷል፣ ዛሬ ካልጀመርን ጣሪያው ነው የሚወርደው» አለኝ። ከቦርሳው በብልቃጥ የታሸገ ምስጥ አውጥቶ አሳየኝ። ቅናሹ ለዛሬ ብቻ ነው ተባልኩ። ወለሉን አላነሳም፣ መሠረቱን ዞሮ አላየም፣ ባትሪ እንኳን አልያዘም። ይሄን ያኔ ልብ ብል ኖሮ እዚያው በር ላይ እሸኘው ነበር።

ስለ ክንፉ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ማስፈራሪያው ሁሉ የሚጀምረው ከሱ ስለሆነ። «እንደ አሸን ፈላ» የምንለው አሸን ክንፍ ያወጣ ምስጥ ነው። ዝናብ ሲዘንብ አዲስ ጎጆ ሊመሠርት ይወጣል። ግን ክንፍ የሚያወጣ ጉንዳንም አለ፣ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው። የምስጥ አራቱም ክንፎች እኩል ናቸው፣ ወገቡም ወፍራም ነው። የጉንዳን ወገብ ቀጭን ነው፣ የፊት ክንፎቹ ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፣ አንቴናውም ክርን አለው። እርግጡን ለማወቅ መሠረቱ ላይ የእርሳስ ውፍረት ያለው የጭቃ መስመር መኖሩን ተመልከቱ። ካለ ትንሽ ቁራሽ ስበሩና ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። ተጠግኖ ካገኛችሁት ምስጡ ሥራ ላይ ነው። ካልተጠገነ ደግሞ የለም ማለት አይደለም፣ በሌላ በኩል ሊሄድ ይችላል።

ወደ ውሉ ልመለስ። ሰውዬው በማግስቱ መጥቶ ሥራውን አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ጨረሰ። ዞኮሎውን፣ ማለትም የግድግዳውን ግርጌ፣ ዙሪያውን ረጨ፣ የውጩን ግድግዳ ረጨ፣ የቧንቧ መግቢያዎቹን በፎም ሞላ፣ ኮርኒስ ላይ የአይጥ መርዝ በተነ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ በድምፅ አይጥ ያባርራል የሚባል መሣሪያም ሰጠኝ። ያን ሌሊት ዘነበ። ውጭ የተረጨው ታጥቦ ወደ ቦዩ ወረደ፣ ቦዩ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ነው የሚገባው። ለቤት ርጭት በብዛት የሚሠራበት ፓይረትሮይድ የሚባለው መርዝ ለዓሣ በጣም አደገኛ ነው። ይሄን ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

ፎሙ ሳምንት አልቆየም። አይጥ የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፣ ስለዚህ ስትቆረጥም ነው የምትኖረው፣ ፎም ደግሞ ለሷ ለስላሳ ነገር ነው። መርዙስ? አብዛኛው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ዓይነት ነው፣ የሚገድለውም ከበላችው ከቀናት በኋላ ነው። እስከዚያ የፈለገችበት ገብታ ትሞታለች። የኔዋ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ሞተች። ልጆቹን ሌላ ክፍል አስተኝተን ለሳምንታት ሽታውን ቻልን። የተመረዘች አይጥ የበላ ድመት ወይም ጉጉትም አብሮ ሊመረዝ ይችላል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ሶኬት ላይ የሚሰካውን ነገር በተመለከተ ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 ለሚበልጡ አምራቾችና ሻጮች እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በሳይንሳዊ ማስረጃ መደገፍ አለበት ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፏል። እና እስካሁን ይሸጣል።

ምስጡ ግን ዋናው ነበር፣ የፈረምኩትም በሱ ፈርቼ ነው። የአፈር ምስጥ ጎጆው መሬት ውስጥ ነው። ዞኮሎ ላይ የተረጨ መድኃኒት እዚያ አይደርስም። ትክክለኛው ሥራ መሠረቱን ዙሪያውን ቆፍሮ አፈሩን ማከም ነው፣ ወይም መሬት ውስጥ ማጥመጃ ምግብ ቀብሮ በየጊዜው እየከፈቱ ማየት። ሁለቱም ጊዜ ይወስዳሉ።

ምስጡ እንዳልጠፋ ለድርጅቱ ስደውል ውሉን እንዳነብ ነገሩኝ። አነበብኩት። በደቃቅ ጽሑፍ ዋስትናው «ከእርጥበት ጋር ተያይዞ ለሚከሰት» እና «ከውጭ ለሚገባ» ተባይ እንደማይሠራ ተጽፏል። ወንዝ ዳር ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ከእርጥበት ያልመጣ ወይም ከውጭ ያልገባ ተባይ የትኛው ነው? ገንዘቤን አልመለሱልኝም።

ያወጣኝ ግንበኛ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። ዞር ዞር ብለው አዩና «ልጄ፣ ቀዳዳው ሳይደፈን መርዝ ብታፈስ ምን ይጠቅምሃል?» አሉኝ። አብረን ሁለት ቀን ሠራን። ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት ትገባለች፣ እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል ማለት ነው። አይጠ መጎጥ 12 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይበቃዋል። እኛ ቀዳዳዎቹን በድስት መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቀን በላዩ በሲሚንቶ ደፈንን። የወለሉ ሥር መተንፈሻዎች ላይ ዓይኑ ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት መታን። መተንፈሻውን ራሱን እንዳትደፍኑት፣ ከተደፈነ እርጥበቱ ታፍኖ ለምስጡ ይመቸዋል። የበሩን ሥር በቆርቆሮ አለበስን። ግድግዳው ላይ የተቆለለውን እንጨት አነሳን፣ ጣውላውን የነካውንም አፈር ጠርገን አወረድን። የጣሪያው ውሃ መውረጃ መሠረቱ ሥር ነበር የሚያፈሰው፣ አራቅነው። የአይጥ ኩስ ስታገኙ በደረቁ አትጥረጉ፣ አቧራው በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል። በበረኪና ውሃ አርሱት፣ ጓንት አድርጉ፣ ከዚያ አንሱት።

ይሄ ሁሉ ዝናቡ ሳይበረታ ቢሠራ ነው የሚሻለው። ወንዙ ሲሞላ ዳር ያሉ የአይጥ ጉድጓዶችና የፍሳሽ ቱቦዎች ውሃ ይገባቸዋል፣ አይጦቹም ከፍ ወዳለ ደረቅ ቦታ ይሸሻሉ፣ ማለትም ወደኛ። ለቢምቢ ደግሞ የተጠራቀመ ውሃ በየሳምንቱ ድፉ፣ በሞቃት ወቅት ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር ከሳምንት ብዙም አይበልጥባትም።

በረሮ ላይም ተመሳሳይ ማታለል አለ። ርጭቱ የእንቁላል ከረጢቱን አያልፍም፣ በትንሹ የወጥ ቤት በረሮ አንድ ከረጢት ውስጥ ከ30 በላይ እንቁላል አለ። ስለዚህ አንዴ ረጭቶ «አለቀ» የሚል ሰው እየዋሸ ነው፣ ከሳምንታት በኋላ መመለስ አለበት። በረሮ በልታ የምትሞትበት ጄል የተቀባበት ቦታ ላይ የሚረጭ ካያችሁም አስቁሙት፣ ርጭቱ በረሮዋን ከጄሉ ያርቃታል።

ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ስሙኝ። አንዳንዱ ስም ያልተጻፈበት እንክብል ይዞ ይመጣል። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ከሆነ፣ እርጥበት ሲነካው ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሰው ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። የተሠራው ለእህል መጋዘን ነው፣ ሰው ለሚተኛበት ቤት አይደለም። ልጆች ያሉበት ቤት አታስገቡት፣ ያስገባውንም ሰው አስወጡት።

የሚመጣውን ሁሉ አታምኑ አልልም፣ በሙያቸው የተካኑ አሉ። ልዩነቱ የሚታየው ከዋጋ በፊት ነው። ሁነኛው ሰው መጀመሪያ ወለሉ ሥር ይገባል፣ ኮርኒሱን ያያል፣ ያገኘውን ጽፎ ይሰጣል። የመድኃኒቱን ስምና የምዝገባ ቁጥር ስትጠይቁት ዕቃውን አውጥቶ ያሳያል፣ ከርጭት በኋላ ስንት ሰዓት ከቤት መውጣት እንዳለባችሁ ይነግራል። ቀዳዳ የሚደፍነው በምን እንደሆነ ጠይቁ። ፎም ብቻ ካለ አይሆንም። ዋስትናው ምን ምን እንደማያካትት ፊታችሁ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። «ለዛሬ ብቻ» የሚል ካለ ነገ እንዲመጣ ንገሩት።

አስቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁ የቀረውን አትክፈሉ ከማለቴ በፊት ስለ መሰረዝ የሚለውን አንቀጽ እዩት፣ ቅሬታችሁንም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉ፣ ፎቶና ቀን ያዙ። እኔ ይሄን ስላላደረግኩ ነው መከራከሪያ ያጣሁት። የኔን ውል ማየት የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፣ የድርጅቱን ስም ሸፍኜ አንቀጾቹን እልክላችኋለሁ፣ ከእናንተው ጋር አስተያዩት።