ሀዋሳ ላይ ካሳ መጠየቅ፦ ባለሙያዋ ጎበዝ፣ ወስኖ የሚፈርም ግን የለም

ሀዋሳ ውስጥ ካለ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት ካሳ ስጠይቅ ያየሁትን አገልግሎት ልፃፍላችሁ፣ የመስሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቻለሁ፣ ሁለቱንም የሰጠሁት ለሕግ ክፍሏ ባለሙያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ዲች ሲጠርግ የነበረ የመስሪያ ቤቱ ሎደር የሱቄን በር ገጭቶ ከነፍሬሙ አጠፈው፣ ግድግዳውም ተሰነጠቀ። ሾፌሩ ራሱ አምኗል፣ ትራፊክ መጥቶ ፕላን አንስቷል፣ ፎቶም ምስክርም አለ። መዝገብ ቤት ማመልከቻዬን ወዲያው ተቀበሉኝ፣ ከብየዳ ቤት ፕሮፎርማ አምጣ አሉኝ አመጣሁ፣ የሕግ ባለሙያዋ ደግሞ ሱቄ ድረስ መጥታ ስንጥቁን በሜትር ለክታ ፎቶ አንስታ ሄደች፣ እንዲህ አይነት ሰው ቢሮ ውስጥ ማግኘት እውነት ደስ ይላል። ከዛ ግን "ጋሼ፣ ጥፋቱ የኛ ነው፣ ይከፈላቸው ብዬ አስተያየት ፅፌያለሁ፣ ተስማምቼ ለመፈረም ግን ስልጣኑ የለኝም" አለችኝ።

እዛ ላይ ቆመ በቃ። ፋይሉ ከሷ ወደ ምክትሉ፣ ከምክትሉ ወደ ሀላፊው፣ ከሀላፊው ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ተመልሶ ወደሷ። ገልጣ አሳየችኝ፣ የማመልከቻዬ ጠርዝ በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ተሞልቷል፣ "ለሕግ ክፍል" "ተነጋገሩበት" "በመመሪያው መሰረት ይፈፀም" ይላል፣ ሁሉም መርቶ ፈርሟል፣ "ይከፈል" ብሎ የፃፈ ግን አንድም ሰው የለም። የቱ መመሪያ እንደሆነ ደግሞ የሚነግረኝ አጣሁ።

ሀላፊውን ሳናግራቸው በግልፅ ነገሩኝ፣ "ዛሬ በስምምነት ብከፍሎት ነገ ኦዲተር ተደራድሮ ነው ይለኛል፣ ይክሰሱንና ፍርድ ቤት ይዘዘኝ" አሉ። ፍርሀታቸው ይገባኛል፣ ማንም ሰው በሌላ ሰው በር ምክንያት መታሰር አይፈልግም። ግን አስቡት፣ ዳኝነት እከፍላለሁ ጠበቃ እይዛለሁ፣ እነሱም ነገረ ፈጅ ይመድባሉ፣ ከተሸነፉ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከነወጪው ይከፍላሉ፣ እሱም የህዝብ ገንዘብ ነው እኮ።

ሕጉ አላስቸገረም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል ይላል፣ 2126 ደግሞ የመንግስት ሰራተኛ ለሰራው የስራ ጥፋት መንግስትን መጠየቅ እንደሚቻል ይናገራል። የጎደለው ተስማምቶ ለመፈረም የሚያስችል ውክልና ነው። እዛው ሕግ ቁጥር 2205 ላይ ተወካይ ልዩ ስልጣን ካልተሰጠው ለመታረቅ አይችልም፣ ስለዚ ልጅቷ አልፈርምም ማለቷ ልክ ናት፣ ልክ ያልሆነው "እስከዚህ ብር ድረስ ተስማሚ" ብሎ በፅሁፍ ስልጣን የሰጣት አለመኖሩ ነው።

ሌላ አገር ይሄን ፈተውታል። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ የከተማ ምክር ቤት እስከ 50,000 ዶላር የሚደርስ የካሳ ጥያቄን ጨርሶ እንዲስማማ ለአንድ ሰራተኛ ስልጣን መስጠት ይችላል፣ ከዛ በላይ ለመስጠት የከተማው ቻርተር (መተዳደሪያ ሕጉ) ራሱ መፍቀድ አለበት፣ ለጥያቄው መልስ መስጫውም በመደበኛው 45 ቀን ነው። ጣሪያው የታወቀ ስለሆነ ሰራተኛው ሲፈርም ኦዲተር ቢመጣም የሚያሳየው ወረቀት አለው። እኛ ጋርም ትንንሹን፣ በር፣ አጥር፣ የባጃጅ መስታወት ምናምን ለሕግ ክፍል በጣሪያ ቢሰጡትና በየወሩ ሪፖርት ቢያስደርጉት ሀላፊውም ከፍርሀት ይድናል፣ ካቢኔውም ለትልቁ ጉዳይ ጊዜ ያገኛል። ይሄን ከልቤ ነው የምለው፣ ያቺ ልጅ ስልጣኑ ቢኖራት የኔ ጉዳይ ስንጥቁን በለካች ሳምንት ባለቀ ነበር።

እኔ ክስ ከፍቻለሁ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ካላችሁ በቁጥር 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ በደረሰ በ2 አመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ፋይሉ ቢሮ ለቢሮ ስለዞረ ጊዜው ይቆምልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ማመልከቻ የምታስገቡ ቀንም ይሄን ያህል ብር ተስማምቶ የመክፈል ስልጣን ያለው ማነው፣ በፅሁፍ ተሰጥቶታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።