በሰንዳፋ መስመር ስለሚሸጠው «የዒላማ ተኩስ መዝናኛ»፦ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን በቴሌግራምና በቲክቶክ «እንደ እውነተኛው ልምምድ! የሚንቀሳቀስ ዒላማ፣ የሚጮህ ብረት፣ ውድድርና ሽልማት» የሚል ማስታወቂያ እየዞረ ነው። ቦታው ከለገጣፎ አለፍ ብሎ በሰንዳፋ መስመር ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ነገ በሌላ ስም ሌላ ሰፈር ሊከፈት ስለሚችል ስሙን ሳይሆን አሠራሩን እወቁት።

ክፍያው በሰው 1,800 ብር ነው፤ ግማሹ አስቀድሞ በቴሌብር ይላካል። የእህቴ ልጆች ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ከፍለው ነበር። እኔ በሠራዊት ውስጥ ለዓመታት ተኩስ ሳሠለጥን ስለኖርኩ «ጋሼ፣ አንተም ካለህ ደስ ይለናል» ብለው ይዘውኝ ሄዱ። ማስታወቂያው የዓይን መከላከያ መነጽርና አሠልጣኝ አለ ይላል። መነጽር የሚባል ነገር አልነበረም። አሠልጣኝ የተባለው ወጣት ጣቱን ቃታው ላይ አድርጎ፣ አፈሙዙን ተራ ወደሚጠብቀው ሰው እያዞረ ነው የሚያስረዳው። ለዚያ ሁሉ ሰው የቀረቡት የአየር ጠመንጃዎች (በባሩድ ሳይሆን በታመቀ አየር የሚተኩሱ) ሁለት ሲሆኑ፣ የአንዱ ማነጣጠሪያ ይወዛወዛል።

ከሁሉ የሚያሰጋው ግን «የሚጮህ ብረት» ያሉት ዒላማ ነው። ዒላማ ተብሎ የቆመው ክብ ተደርጎ የተቆረጠ፣ ፌሮ ላይ የተበየደ፣ ቀይ ቀለም የተቀባ ተራ ላሜራ ነው። ርቀቱን በእርምጃ ለካሁት፤ 6 ሜትር አይሞላም። የሚተኮሰው ደግሞ መዳብ የተቀባች ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር የብረት ኳስ ናት። እርሳስ ከሚባለው ለስላሳ ማዕድን የሚሠራው የአየር ጠመንጃ ጥይት ጠንካራ ነገር ሲመታ ይጠፈጠፋል፤ አብዛኛው ጉልበቱም እዚያው ያልቃል። የብረት ኳስ ግን አትጠፈጠፍም። በሰከንድ ከ100 ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ሄዳ ብረቱን ትመታና ወደመጣችበት ትመለሳለች። ተኳሾቹ ከሚቆሙበት ጠረጴዛ ኋላ ጎንበስ ብዬ መሬቱን ሳይ፣ እነዚያው ኳሶች አፈሩ ላይ ተበትነዋል። ወደ ፊት የተተኮሰ ነገር ከተኳሹ ጀርባ የሚገኘው ነጥሮ ሲመለስ ነው። አንዷን አንስቼ ለባለቤቱ ባሳየው «እሷ እኮ ልብስ እንኳ አትበሳም» አለኝ። ዓይን ልብስ አልለበሰም።

ብረት ዒላማ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። በሌላው ዓለም ለሽጉጥና ለጠመንጃ የሚሠራው ጥንካሬው በብሪኔል መለኪያ 500 ገደማ ከሆነ ብረት ነው፤ ጥይት ስለማይጎደጉደው ስብርባሪው በጎንና በጎን ይረጫል፣ ፊቱም ወደ መሬት ዘንበል ተደርጎ ይሰቀላል። ተራ ላሜራ በጥይት ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱም ቀጥሎ የሚመጣውን ስብርባሪ ወደ ተኳሹ መልሶ ይወረውራል። በዓለም አቀፍ የተግባር ተኩስ ውድድር እንኳ፣ ሁሉም መነጽር አድርጎ፣ ብረት ዒላማን በሽጉጥ ከ7 ሜትር ባነሰ ርቀት መተኮስ በደንቡ የተከለከለ ነው።

«የሚንቀሳቀስ ዒላማ» ያሉትንም ልንገራችሁ። በገመድ የተንጠለጠለ የመኪና ጎማ ነው። ገመዱን የሚጎትተው አንድ የሰፈር ልጅ ሲሆን፣ የሚቆመው ከዒላማው አጠገብ፣ ከአንዲት ስስ ቆርቆሮ ኋላ ነው። ይህን ሳይ ነው ልጆቹን «ማንም እንዳይተኩስ» ያልኳቸው።

በዚህ መሃል አንዱ ጠጋ ብሎ «ጨመር ካደረጋችሁ እውነተኛውም አለ» አለን፤ የጥበቃውን ክላሽ ማለቱ ነው። እባካችሁ፣ እንዲህ ስትባሉ ወዲያው ውጡ። በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ የሚያዘው በፈቃድ ነው፤ የጥበቃው ፈቃድ እናንተን አይሸፍንም። ከሕጉም በላይ የክላሽ ጥይት ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። እዚያ ከዒላማው ኋላ ያለው የአፈር ክምር ሳይሆን የባሕር ዛፍ ረድፍ ነው። ከዛፉ ወዲያ ማሳ አለ፣ ከማሳው ወዲያ የገበሬ ቤት ጣሪያ ይታያል። ከብት የሚጠብቁ ልጆችም በዚያው ይመላለሳሉ።

ልጆቹ የተመኙት ነገር ግን ትክክል ነው። ሁልጊዜ አንድ ወረቀት ላይ መተኮስ ይሰለቻል፤ ልምምዱ ሲለያይ ችሎታም ያድጋል። ለዚያ የሚጮህ ብረት አያስፈልግም። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር የመሃሏ አሥር ቁጥር ነጥብ ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት፤ ያቺን በወረቀት ላይ መፈለግ ብቻውን ቀን ያስመሻል። ባያትሎን የሚባለው ስፖርት ተወዳዳሪውን በበረዶ ላይ ካደከመ በኋላ በ50 ሜትር አምስት ዒላማ ያስመታዋል፤ ተኝቶ ሲተኩስ የዒላማው ስፋት 45፣ ቆሞ ሲተኩስ 115 ሚሊ ሜትር ነው። የእኛ ልጆችም ትንሽ ሮጠው ትንፋሻቸው ሳይመለስ ወረቀት ላይ ቢያነጣጥሩ ከባድነቱን ያዩታል። ከሜክሲኮ አገር የመጣው ውድድር ደግሞ የዶሮ፣ የአሳማ፣ የተርኪና የአውራ በግ ቅርጾችን ያስጥላል፤ ለአየር ጠመንጃ ያንኑ ከካርቶን ቆርጦ ማቆም ይቻላል። ፊኛ፣ በክር የተንጠለጠለ ብስኩት፣ አዛዡ የጠራውን ቁጥር ብቻ መምታት፣ በስልክ ሰዓት መያዝ፣ ሁሉም ደስ ይላል። የሚያስፈልገው የእርሳስ ጥይት፣ ለሁሉም መነጽር፣ ከኋላ ወፍራም የአፈር ክምር፣ «ተኩስ አቁም» ሲል ሁሉም የሚሰማው አንድ አዛዥ ነው። እርሳስ መርዛማ ስለሆነ ከምግብ በፊት እጅን በሳሙና መታጠብም አይቀርም።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። አንተኩስም ብለን ቅድመ ክፍያውን ስንጠይቅ «አይመለስም፣ ሌላ ቀን ኑና ተጫወቱ» ተባልን። ደረሰኝ ስንጠይቅ ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቷል አሉን። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ጉዳት ሲደርስበትም ካሣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። መነጽርና አሠልጣኝ አለ ብሎ አስተዋውቆ ሁለቱንም ያላቀረበ ሰው ያንን ገንዘብ ይዞ የመቅረት መብት የለውም።

አስቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ «ቀን ይቀየርላችሁ» ሲሏችሁ አትስማሙ። የቴሌብሩን መልእክት አታጥፉ፣ ማስታወቂያውንም ሳይነሳ በስክሪንሾት አስቀሩት፤ ሁለቱን ይዛችሁ ቦታው ወዳለበት ከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ። እኛ አመልክተናል። ልጅ ገመድ እየጎተተ ዒላማ ሥር መቆሙን ያያችሁ ደግሞ ለአካባቢው ፖሊስ ተናገሩ፤ እሱ ከእኛ ገንዘብ ይቀድማል።