የሐዋሳው የቅዳሜ የንባብ ኮርስ፦ ዋጋውን ያወጣል፣ ኮፒው ግን…

ፒያሳ አካባቢ ካፌ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ከሰዓት ስለሚሰጠው የንባብ ኮርስ "ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?" ላላችሁኝ ይኸው። ክፍያው በወር 800 ብር ነው፣ በቴሌብር ይላካል። ማኪያቶው ለብቻው ነው።

የዚህ ዙር ርዕስ በቪክቶሪያ ዘመን እንግሊዝ ፍቅር በልቦለድና በግጥም እንዴት እንደሚተረክ ነበር። ከልቦለድ የኤሚሊ ብሮንቴ "ዉዘሪንግ ሃይትስ" (በፈረንጆች 1847)፣ ከግጥም የሮበርት ብራውኒንግ "ፖርፊሪያስ ላቨር" (1836) ተመረጡ። እኔ የፋርማሲ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥነ ጽሑፍ ከትምህርት ቤት ወዲህ አልነካሁም።

መምህሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በብሮንቴ ቤተሰብ ታሪክ ፈጁት። ያንን ማንም ስልኩ ላይ ያገኘዋል። ነገሩ የሞቀው ልቦለዱ ውስጥ ወጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ ነው። ካትሪን ለሠራተኛዋ ለኔሊ ምስጢሯን ስታወጣ፣ የምትወደውን ሄትክሊፍን ማግባት ክብሯን እንደሚያዋርደው ትናገራለች። እሱ እዚያው አግዳሚ ላይ ሆኖ ይሰማል፤ ይህችን ሰምቶ ውልቅ ይላል። ምን ያህል እንደምትወደው የምትናገረው ከወጣ በኋላ ነው።

ጋሼ እዚህ ላይ አስቁመው "ሲወጣ ያየው ማነው?" አሉ። ያየችውማ ኔሊ ናት፣ ታሪኩን የምትነግረን ራሷ። አይታ ደግሞ ለካትሪን ወዲያው አልነገረቻትም። አጠገቤ የተቀመጡ ጡረተኛ ነርስ "እንግዲህ የራሷን ጥፋት እንዴት አድርጋ በቅጡ ትነግረናለች?" ሲሉ ክፍሉ ታመሰ። የሷን ወሬ የሚጽፈውም ሎክዉድ የሚባል ተከራይ ነው። የሁለቱ ፍቅር እኛ ጋ የሚደርሰው በሁለት ሰው አፍ አልፎ ነው ማለት ነው።

የብራውኒንግ ግጥም ውስጥ ግን እንደ ኔሊ ያለ ሌላ ተራኪ የለም። 60 ስንኙን በሙሉ የሚናገረው አንድ ወንድ ነው፦ በማዕበል ሌሊት ፍቅረኛው መጣች፣ እሳት አነደደች፣ ጭንቅላቱን ትከሻዋ ላይ አስደገፈች፣ እሱ ደግሞ በገዛ ፀጉሯ አንቆ ገደላት። ከዚያ ምንም እንዳላመማት እርግጠኛ ነኝ ይላል። "ማን ጠየቀህ?" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጋሼ ሳቁ፤ የሚያርመው ሌላ ተራኪ ስለሌለ የምንይዘው በራሱ ማስተባበያ ነው አሉ። አዝማሪ ቤትንም አነሡ፦ "ተቀበል" ተብሎ ግጥም ሲሰጠው፣ አዝማሪው "እኔ" እያለ የሚዘፍነው የእንግዳውን ፍቅር ነው። ብራውኒንግም "እኔ" ስላለ ገዳይ አይደለም። ለዚህች ብቻ 800 ብሩን አልቆጭም።

የሚያናድደው የታደለን የግጥሙ ኮፒ ነው። የቀኝ ጠርዙ ተቆርጦ የስንኞቹ መጨረሻ የለም፤ ቤት የሚመታው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ከታች የባጃጅ ጥሩምባ አለ፣ መስኮት ከተዘጋ ይታፈናል።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን የኤሊዛቤት ባሬት ብራውኒንግ ነው። በ1850 የታተሙት 44 ሶኔቶቿ (ባለ 14 ስንኝ ግጥሞቿ) በፕሮግራሙ ላይ ነበሩ፤ መጨረሻ ላይ ወንበር እየተነሣ አንዱ ብቻ ተነበበ። የፍቅር ግጥም ልንማር ሄደን ረጅሙን ሰዓት ነፍሰ ገዳይ ወሰደው! ሴቲቱ ራሷ "እኔ" ብላ፣ በኋላ ላገባችው ሰው የጻፈችው እያለ። ይህን ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ፤ በሚቀጥለው ዙር ከሷ እንጀምራለን ብለዋል። ከጀመሩ እመዘገባለሁ። እናንተ ከመጣችሁ ግጥሙን ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ ኑ፣ ኮፒውን አትመኑት።