የውሻ ካንሰር ወደ ሳንባ መዛመቱን ለማወቅ፦ ራጅ፣ ሲቲ ስካን ወይስ አልትራሳውንድ?

በሴት ውሻ ጡት ላይ ዕባጭ ሲገኝ ባለቤቱ ቶሎ እንዲወጣላት መፈለጉ ያለ ነው፤ ነገር ግን በሽታው አስቀድሞ ወደ ሳንባዋ ተዛምቶ ከሆነ ቀዶ ጥገናው ብቻውን ስለማያድናት፣ ከዚያ በፊት ደረቷ መታየት አለበት። ሳል እስኪጀምራት መጠበቅም አይበጅም፤ ሳንባቸው ውስጥ ዕጢ ያለባቸው ብዙ ውሾች ሳይስሉ፣ እየበሉና እየሮጡ ይቆያሉና። ጅማ ላይ ዩኒቨርሲቲው የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው፣ ለመነሻ ምክር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ገንዘቡ መጀመሪያ ለራጅ ቢውል እመርጣለሁ፤ ሆኖም ዋጋ ሲጠይቁ ስንት ምስል እንደሚነሳ አብረው ይጠይቁ። በቀኝ ጎኗ፣ በግራ ጎኗና በጀርባዋ ተኝታ የሚነሱ 3 ምስሎች ያስፈልጋሉ። ውሻዋ በጎኗ ስትተኛ ከታች የሚውለው ሳንባ አየሩ ስለሚቀንስ በምስሉ ላይ ይነጣል፣ ዕጢ ቢኖርበትም ይሸፍነዋል፤ ስትገለበጥ ግን ያው ዕጢ አየር በሞላው ሳንባ ውስጥ ጎልቶ ይወጣል። በ1 ምስል የሚያልቅ ርካሽ ራጅ ለእኔ ውድ ነው። ነጭ ነጥብ ሁሉም ካንሰር አይደለም፤ በጎረቤታችን ውሻ ራጅ ላይ ክብ ነጥብ ታይቶ ቤተሰቡ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ፣ ሐኪሙ የጡቷን ጫፍ በራጅ ላይ ነጥቶ የሚታይ ባሪየም የተባለ ንጥረ ነገር ጥቂት ቀብቶ ምስሉን ቢደግመው ነጥቡ የዚያው የጡት ጫፍ ጥላ ሆኖ ተገኝቷል።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዕጢ ከራጅ ብዙውን ጊዜ ያመልጣል፤ ሲቲ ስካን ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነውን ሳይቀር ያሳያል። ይሁን እንጂ ውሻዋ እንዳትንቀሳቀስ ማደንዘዣ ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከራጅ በብዙ ይበልጣል፤ አዲስ አበባ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅም፣ ለውሻ የሚሰጥ አገልግሎት መኖሩን በስልክ ሳያረጋግጡ መነሳት አይገባም። ወጪው የሚያዋጣው ውጤቱ ውሳኔን የሚቀይር ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ በአጥንት ካንሰር ምክንያት እግር ከመቆረጡ በፊት። በዚህ በሽታ በምርመራው ዕለት ስርጭቱ በራጅ የሚታይባቸው ውሾች ከ10 በመቶ ያነሱ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ግን በዓይን የማይለይ የካንሰር ዘር አስቀድሞ ተበትኗል።

የአልትራሳውንድ ሞገድ አየርን ስለማያልፍ፣ የሚያሳየው የሳንባን ጠርዝ የነካ ዕጢን ወይም በደረት የተጠራቀመ ፈሳሽን ብቻ ነው። ጠርዝ ላይ ካለው ዕጢ በመርፌ ናሙና ለመውሰድ ግን ጥሩ መሪ ነው።

በልቅ ውሾች ዘንድ በግንኙነት የሚተላለፈው የብልት ዕጢ ወደ ሳንባ የሚዛመተው ከስንት አንዴ ነው፤ ለእርሱ ከሲቲ ስካን ይልቅ ገንዘቡን ቪንክሪስቲን ለተባለው የካንሰር መድኃኒት መርፌ ማዋል ይሻላል።