ካራጊን፦ የአየርላንዶች የሳል መድኃኒት ተጠጥቶ ሲታይ

ደብሊን ውስጥ የጤና ምግብ የሚሸጥበት ሱቅ ጎራ ካላችሁ፣ በትንሽ ፌስታል የታሸገ የደረቀ የባሕር አረም ታያላችሁ። ካራጊን ይባላል። በአየርላንድ ምዕራብ ዳርቻ ባሕሩ ሲሸሽ ከድንጋይ ላይ ይለቀማል፣ ከዚያ ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት ጠቆር ያለው ቀይ ቀለሙ ለቆ ነጣ እስኪል ይሰጣል። ለሳልና ለደረት የድሮ ሰዎች የሚምሉበት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ትንሽ እፍኝ ታጥቦ ይዘፈዘፋል፣ በውሃ ወይም በወተት 20 ደቂቃ ያህል በቀስታ ይንተከተካል፣ ተጠልሎ ሎሚና ማር ይገባበታል። ሲበርድ እንደ ተመታ አብሽ ስለሚዝለገለግ ትኩሱን ጠጡት። ጣዕሙ? ያለ ማር የባሕር ውሃ በሉት። የገዛሁት እሽግ ደግሞ አሸዋ በአሸዋ ነበር፣ በዚያ ዋጋ ያናድዳል!

ይሠራል ወይ? የከረከረኝን ጉሮሮ አለስልሶልኛል። ሳሉ ግን የለቀቀኝ በራሱ ጊዜ ነው፣ የምስጋናው ግማሽም የማሩ ይመስለኛል። አዮዲን ስላለው የታይሮይድ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር።

ከሌሎቹ የአየርላንድ የድሮ የሳል መድኃኒቶች አንፃር ግን ይሄ ደህናው ነው። ከ1937 እስከ 1939 የአየርላንድ ተማሪዎች ከሽማግሌዎች እየጠየቁ በመዘገቡት ስብስብ ውስጥ፣ ትክትክ የያዘውን ልጅ በአህያ ሆድ ሥር ማሳለፍ የሚል አለ።

ለሳል ከ5 ኮከብ 3 ሰጥቼዋለሁ። በወተት፣ በስኳርና በቫኒላ ፑዲንግ ሲሆን ግን 4 ይገባዋል።