የቤት ፊልም መዝገብ፦ ሌተርቦክስድ፣ ሲኤልዜድ፣ ጄሊፊን ወይስ ተራ ኤክሴል?

ፊልም የሚሰበስብ ሰው ውሎ አድሮ ሁለት ጥያቄ ይመጣበታል። አንዱ «ይህ ፊልም አለኝ? ካለኝስ የት አስቀመጥኩት?» የሚል ነው። ሌላው «አይቼዋለሁ? ያኔስ ምን ብዬው ነበር?» የሚል። ሁለቱ ተከታትለው ስለሚመጡ አንድ አፕ የሚበቃቸው ይመስላል። አፕ ሠሪዎቹም እንደዚያ ብለው ያስተዋውቃሉ። ቀረብ ብሎ ላየው ግን አብዛኞቹ ለአንዱ ጥያቄ የተሠሩና ሌላውን እንደ ጭማሪ የያዙ ናቸው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው ስለ አንድ ምሽት። አንዱን ዲስክ አንዴ ትገዙታላችሁ፣ አራት ጊዜ ግን ልታዩት ትችላላችሁ፤ በአራተኛው ጊዜ የምትሉትም ከመጀመሪያው ጋር ላይገጥም ይችላል። ሰው ቤት ያያችሁት ፊልም ደግሞ መደርደሪያችሁ ላይ የለም፣ አስተያየት ግን አላችሁበት። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የትኛው ጥያቄ ደጋግሞ እንደሚያስቸግራችሁ ለዩ። ከዚህ በታች ያለውን ንጽጽር የከፈልኩትም በዚሁ ነው።

አስተያየት ለሚጽፍ፦ ሌተርቦክስድና አይኤምዲቢ

ሌተርቦክስድ ሰው ያየውን ፊልም የሚመዘግብበትና የሚገመግምበት ድረ ገጽና አፕ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒውዚላንድ ተጀመረ። ትልቁ ብልጫው ዕለታዊ ማስታወሻው ነው፦ ያያችሁበትን ቀን፣ ድጋሚ መሆን አለመሆኑን፣ የሰጣችሁትን ኮከብና የጻፋችሁትን አስተያየት በአንድ ግቤት ይይዛል። ያንኑ ፊልም ከሦስት ዓመት በኋላ ስታዩት አዲስ ግቤት ይከፈታል፤ የድሮው አይነካም። የፊልም መረጃ ድረ ገጽ በሆነው በአይኤምዲቢ ግን ለአንድ ፊልም አንድ ደረጃ ብቻ ነው ያላችሁ። ሐሳባችሁን ስትቀይሩ አዲሱ ቁጥር የቀድሞውን ይተካዋል፣ ትናንት ምን ብላችሁ እንደነበር ተመልሶ አይገኝም። የራሱን ሐሳብ መለዋወጥ መከታተል ለሚወድ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫውን የሚወስን ይመስለኛል።

የነጥብ አሰጣጣቸው ሲታይ የተለያየ ይምሰል እንጂ አንድ ነው። አይኤምዲቢ ከ1 እስከ 10 ያስቆጥራል፤ ሌተርቦክስድ ከግማሽ ኮከብ እስከ አምስት። ሁለቱም አሥር ደረጃ ስላላቸው ቁጥራችሁ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይዛባ ይሄዳል። በጽሑፍ በኩል ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። አይኤምዲቢ ለግምገማ ቢያንስ 600 ያህል ሆሄ ስለሚጠይቅ «መጨረሻው አበላሸው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሌተርቦክስድ ላይ አንድ መስመርም ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሌተርቦክስድ በባሕርይው ማኅበራዊ ነው። ተከታይ ሲኖር ሰው ለራሱ መጻፍ ይተውና ለጭብጨባ መጻፍ ይጀምራል። ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ ስታነቡ ቀልዱ ይኖራል፣ ፊልሙ ምን እንዳደረጋችሁ ግን አይኖርም።

ክፍያን በተመለከተ አይኤምዲቢ ለዚህ ሥራ ነጻ ነው። ሌተርቦክስድም ያለ ክፍያ ይሠራል፤ ዓመታዊ ክፍያው የሚያስገኘው ማስታወቂያ ማስወገድን፣ ስታቲስቲክስንና የመሳሰሉ ምቾቶችን ነው። ማስታወሻ ለመያዝ ብቻ ከሆነ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

በዕቃ በኩል ሁለቱም ደካሞች ናቸው። «ያሉኝ» የሚል ዝርዝር መሥራት ይቻላል፤ ዲስኩ ዲቪዲ ይሁን ብሉሬይ፣ የትኛው እትም እንደሆነና የት እንደተቀመጠ ለማወቅ ግን ያ ዝርዝር አልተሠራም።

ፍለጋ ላይ የማይገኝ ፊልም ሲያጋጥም፣ በተለይ የአማርኛ ፊልም፣ ልዩነቱ እንደገና ይወጣል። ሌተርቦክስድ የፊልም መረጃውን የሚወስደው ቲኤምዲቢ ከተባለው በተጠቃሚዎች ከሚገነባ ቋት ነው። እዚያ አካውንት ከፍታችሁ የጎደለውን ፊልም ራሳችሁ ማስገባት ትችላላችሁ፤ ከዚያ ወደ ሌተርቦክስድ ይሻገራል። አይኤምዲቢም ጥቆማ ይቀበላል፣ ነገር ግን መጀመሪያ በሠራተኞቹ ይጣራል።

ዲስክ ለሚሰበስብ፦ ሲኤልዜድ ሙቪስ

መደርደሪያው በዲስክ የተሞላ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። እሱን የሚያሳስበው ፊልሙ ሳይሆን እትሙ ነው። አንዱ ፊልም በዲቪዲ፣ በብሉሬይና በ4ኬ ሊወጣ ይችላል፤ አንዱ እትም የዳይሬክተሩን ቅጂ ይይዛል፣ ሌላው የሲኒማ ቤቱን ብቻ። ዲቪዲ በየትኛው የዓለም ክፍል ማጫወቻ እንደሚሠራ የሚወስን የክልል ኮድ አለው፤ ብሉሬይ ዓለምን ኤ፣ ቢ እና ሲ ብሎ ይከፍላል፤ 4ኬ ብሉሬይ ከዚህ አጥር ነጻ ነው። ማጫወቻችሁ የማይቀበለውን ዲስክ ሁለተኛ ላለመግዛት መዝገቡ ይህን መያዝ አለበት።

ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የተሻለው ሲኤልዜድ ሙቪስ ነው። የሚሠራው ኮሌክተርዝ የተባለ የኔዘርላንድስ ድርጅት ሲሆን መጻሕፍትን፣ ሙዚቃንና ኮሚክስን ለመመዝገብም ተመሳሳይ አፖች አሉት። ስልኩን በሣጥኑ ጀርባ ባርኮድ ላይ ስትይዙት ፊልሙን ብቻ ሳይሆን እትሙን ለይቶ፣ ከነሽፋኑ ያስገባዋል። የተገዛበት ቀን፣ የተከፈለው ዋጋ፣ ይዞታው፣ የተቀመጠበት ቦታ፣ የሣጥኑ ክፍል ቁጥር ሳይቀር ዓምድ አላቸው። አምስት ፊልም የያዘን ስብስብ ሣጥን እንደ አንድ ዕቃና እንደ አምስት ፊልም አድርጎ ማሳየት ይችላል፤ ይህን ብዙዎቹ ይስቱታል።

ድካሙ አስተያየት ላይ ነው። «አይቼዋለሁ» የሚል ምልክት፣ የእይታ ቀን፣ ነጥብና የማስታወሻ ሳጥን አለው። ግን ሁሉም ከዲስኩ ጋር የታሰሩ ናቸው፤ ዲስኩን ሸጣችሁ ከመዝገቡ ስታጠፉት አስተያየቱም አብሮ ይሄዳል። ባርኮድ የሌለው ወይም በቤት የተቀዳ ዲስክ ደግሞ በርዕስ መፈለግ ወይም በእጅ መግባት አለበት። ስብስባችሁ በአብዛኛው እንደዚህ ከሆነ የምትከፍሉበት ዋና ጥቅም ቀርቷል ማለት ነው። ክፍያውም በወር ወይም በዓመት የሚታደስ ነው፤ አንዴ ገዝቶ መገላገል የለም።

ወርሃዊ ክፍያ ለማይፈልግ ሊቢብ አለ። ባርኮድ ያነባል፣ ነጻው ደረጃ እስከ 5,000 ዕቃ ይይዛል፣ ከፊልም ጋር መጽሐፍም ይመዘግባል። እትም በመለየት ከሲኤልዜድ ጋር አይወዳደርም፤ ለመካከለኛ መደርደሪያ ግን ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ይቀረጻል፤ ፓል በተባለው፣ በአውሮፓና በሌሎች ብዙ አገሮች በሚሠራበት የቴሌቪዥን ሥርዓት የተዘጋጀ ዲቪዲ ግን በ25 ስለሚያጫውት 120 ደቂቃው ወደ 115 ገደማ ይወርዳል። በመዝገቡና በሣጥኑ ጀርባ ያለው ርዝመት ስላልገጠመ ብቻ ፊልሙ ተቆርጧል ብላችሁ ዲስኩን አትመልሱ።

ፋይል ላለው፦ ፕሌክስ፣ ጄሊፊን፣ ኮዲ

ፊልሞቹ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆኑ ፕሌክስ፣ ጄሊፊንና ኮዲ የተባሉት የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራሞች ካታሎጉን በራሳቸው ይሠራሉ። ፎልደሩን ለፕሮግራሙ ታሳዩታላችሁ፣ ፖስተሩን፣ ተዋንያኑንና ታሪኩን ከኢንተርኔት አምጥቶ ይደረድራል። ፎልደሩ በርዕስና በዓመት ከተሰየመ ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ያለበለዚያ አንዱን ፊልም በስም መሰሉ ይተካዋል።

ጄሊፊን ሙሉ በሙሉ ነጻና ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤምቢ ከተባለው ሶፍትዌር ተገንጥሎ የወጣ ነው። ፕሌክስ ለጀማሪ ይቀላል፣ በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይም ይገኛል፤ ሆኖም የተለያየ እትምን ለይቶ ማሳየትን የመሰሉ ለሰብሳቢ የሚጠቅሙ ነገሮችን ለከፋይ ብቻ አድርጓል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የራስን ፋይል ከቤት ውጭ ማጫወትም በክፍያ ሆኗል። ኮዲ ሰርቨር፣ ማለትም ፊልሞቹን ለሌሎች መሣሪያዎች የሚያቀርብ ኮምፒውተር፣ ሳያስፈልገው አንድ መሣሪያ ላይ ይሠራል፤ አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ላለው ቤት ከሁለቱም ይልቅ እሱን እመርጣለሁ።

የእይታ መዝገብ ናቸው ወይ ከተባለ አይደሉም። ሦስቱም «ታይቷል» የሚል ምልክት ያደርጋሉ፤ ያ ምልክት የሚመጣው ግን ማጫወቻው ከተወሰነ መጠን ስላለፈ ነው፤ በፕሌክስና በጄሊፊን ሳይነካ ከተተወ 90 በመቶ ላይ። ሶፋ ላይ ተኝታችሁ ያለፈውም «ታይቷል» ተብሎ ይቆጠራል። ፕሌክስ ኮከብ ያስሰጣል፣ ኮዲ ከ1 እስከ 10 ያስቆጥራል፤ ጄሊፊን በመደበኛ ገጹ «የምወደው» ከሚለው ልብ ያለፈ የግል ነጥብ የለውም። ስለ ፊልሙ ሁለት አንቀጽ ልጻፍ ለሚል ሰው ጄሊፊንና ኮዲ ቦታ የላቸውም፤ ፕሌክስ ግን ግምገማ መጻፊያ ጨምሯል።

ኤክሴል፣ የተናቀው

ከጥቂት መቶ ለማይበልጥ ስብስብ ከሁሉም በላይ የምደግፈው ይህን ነው። በድረ ገጽ የሚሠራው ቅጂው የሚከፈልበት አይደለም፣ ኩባንያ ቢዘጋ ፋይላችሁ አይጠፋም፣ ሁለቱን ጥያቄዎች እኩል የሚያስተናግድ መሣሪያም እሱ ብቻ ነው፤ ቅርጹን የምትሰጡት እናንተ ናችሁና። ሁለት ገጽ ክፈቱ። አንዱ ለዕቃ፦ ርዕስ፣ ዓመት፣ ዓይነት፣ እትም፣ ቦታ፣ ለማን እንደተዋሰ። ሁለተኛው ለእይታ፦ ቀን፣ ነጥብ፣ አስተያየት፤ አንድ እይታ፣ አንድ ረድፍ። ሁለቱን የሚያገናኘው የአይኤምዲቢ መለያ ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊልም በሁለት የ«ቲ» ፊደል የሚጀምርና ቢያንስ ሰባት አኃዝ ያለው የራሱ ቁጥር አለው፤ በፊልሙ ገጽ አድራሻ ላይ ይነበባል። ርዕስ ይመሳሰላል፣ ይተረጎማል፣ በተለያየ ሆሄ ይጻፋል፤ ቁጥሩ ግን ያው ነው። ይህንኑ ቁጥር ሌተርቦክስድ ፋይል ስታስገቡለት ይቀበለዋል፣ ፕሌክስና ጄሊፊንም ከፎልደር ስም ላይ ያነቡታል። መዝገባችሁን ወደፊት የትም ብትወስዱት መታወቂያው እሱ ነው።

በግዕዝ ፊደል ርዕስ የምትጽፉ ከሆነ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ሞክሼ ፊደላት ናቸው፦ «ፀሐይ» ብላችሁ የመዘገባችሁትን «ጸሀይ» ብላችሁ ብትፈልጉ ኤክሴል የለም ይላችኋል። በፊደል ተራ ስታስቀምጡም በ«ሀ» እና በ«ሐ» የሚጀምሩት ተለያይተው ይወድቃሉ። መፍትሔው ለፍለጋ ብቻ የሚሆን አንድ ትርፍ ዓምድ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ መልክ አምጡ። ሁለተኛው ዓመት ነው። የፊልም ቋቶቹ የሚጠቀሙት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፋችሁት በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚራራቅ በርዕስና በዓመት የሚያዛምድ አፕ ፊልሙን አያገኘውም።

ኤክሴል የሚሸነፈው በድካም ነው። ሺህ ዲስክ ያለው ሰው በጣቱ እየጻፈ አይጨርስም፤ ፖስተር የለም፣ ስልክ ላይም አይመችም። ደብተር ግን ለአስተያየት ብቻ ከሆነ አሁንም የሚናቅ አይደለም፤ መፈለግ አይቻልበትም እንጂ መጻፍ ያስወድዳል።

ታዲያ የቱን?

ዲስኩ ብዙ ከሆነና ባርኮድ ካለው ሲኤልዜድን ክፈሉበት፤ አስተያየታችሁን ግን እዚያ አትጻፉ፣ ነጻውን ሌተርቦክስድ ጎን ለጎን ያዙ። ፋይል ላለው ጄሊፊንና ሌተርቦክስድ ምንም ሳያስከፍሉ ይበቃሉ። ስብስቡ ትንሽ ለሆነ፣ ወይም የጻፈውን ሌላ ሰው እንዲያይበት ለማይፈልግ፣ ኤክሴል። አይኤምዲቢን ለነጥብ ብቻ ካልሆነ ለዚህ ሥራ አልመክርም፤ ከሌላ ቦታ ያመጣችሁትን ነጥብ በአንዴ የሚያስገባ በር የለውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከመክፈላችሁ በፊት መውጫውን ፈትኑ። አይኤምዲቢ ብዙዎች ሲወያዩበት የኖሩበትን መድረክ እ.ኤ.አ. በ2017 ዘግቷል፤ ሌተርቦክስድም እ.ኤ.አ. በ2023 አብዛኛው ድርሻው ለሌላ ኩባንያ ተሽጧል። ሁለቱም መረጃችሁን በሲኤስቪ፣ ማለትም ኤክሴል በሚከፍተው ተራ የሰንጠረዥ ፋይል፣ ይሰጧችኋል፤ ይዘቱ ግን ይለያያል። ከአይኤምዲቢ የሚወጣው መለያ ቁጥሩን ይዞ ነው፤ ከሌተርቦክስድ የሚወጣው ግን ፊልሙን የሚለየው በርዕስ፣ በዓመትና በራሱ አድራሻ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ወደ ሌላ ቦታ ሲገባ ስም መሰል ፊልሞችን አንድ በአንድ ማየት ይጠይቃል። ሙከራውን በአምስት ፊልም አድርጉት፦ በአማርኛ አስተያየት ጻፉ፣ ፋይሉን አውጡና በኤክሴል ክፈቱ። ፊደሉ ተበላሽቶ ቢታይ መረጃው ጠፋ ማለት አይደለም። በድርብ ጠቅታ ከመክፈት ይልቅ ዳታ ከሚለው ማውጫ ፋይሉን አስገቡና የፋይሉን የፊደል ኮድ (ኢንኮዲንግ) ዩቲኤፍ-8 በሉት፤ ግዕዙ ይመለሳል።