የጎግል ስኮላር ፕሮፋይል ለሕክምና ተመራማሪ፦ ሰፊ ነው፣ ግን ካልጸዳ አይታመንም

የአንድን ተመራማሪ የኅትመት ታሪክ በነጻ ከሚያሳዩ አገልግሎቶች መካከል የጎግል ስኮላርን ያህል ሰፊ ማግኘት ይከብዳል። ጣጣውም የሚመነጨው ከዚሁ ስፋቱ ነው። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የተባሉት የምርምር ጽሑፍ ማውጫዎች መርጠው ያስገቧቸውን ጆርናሎችና መሰል ኅትመቶች ብቻ ይቆጥራሉ። ስኮላር ግን የጥናት መልክ ያለውን ሰነድ ሁሉ ይለቅማል፦ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ቅድመ ኅትመት (በጆርናል ከመታተሙ በፊት የተለቀቀ ጽሑፍ)፣ የጉባኤ አብስትራክት (የጥናት አጭር ማጠቃለያ)፣ የመጽሐፍ ምዕራፍ። ስለዚህ የአንድ ሰው የሳይቴሽን ቁጥር፣ ማለትም ጽሑፎቹ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሱበት ብዛት፣ ብዙውን ጊዜ እዚህ ከሁለቱ ገዝፎ ይታያል።

አከፋፈቱ ቀላል ነው። ስም፣ ተቋምና የሥራ ኢሜይል ይሞላል። ኢሜይሉ ካልተረጋገጠ ፕሮፋይሉ በስኮላር ፍለጋ አይወጣም። ቀጥሎ አገልግሎቱ «የእርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም» የሚላቸውን ጽሑፎች ይደረድራል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፣ ሁሉንም በአንዴ ይቀበላል። ስም በአንድ ፊደልና በአባት ስም ብቻ ሲጻፍ ሞክሼው ብዙ ነው፤ የልብ ሐኪም ገጽ ላይ የአፈር ኬሚስትሪ ጽሑፍ ተቀምጦ ቢገኝ አይገርምም። ከዚያ አዳዲስ ጽሑፎች በራሳቸው ይጨመሩ ወይስ ባለቤቱ በኢሜይል ተጠይቆ ያጽድቅ የሚል ምርጫ ይመጣል። ማጽደቁን ይምረጡ። በራሱ እንዲጨምር የተተወ ፕሮፋይል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሌላ ሰው ሥራ መጋዘን ሊሆን ይችላል።

የሕክምና ጽሑፍ ደግሞ ብዙ ቅጂ አለው። ያው ጥናት መጀመሪያ በጉባኤ አብስትራክት፣ ቀጥሎ ሜድአርካይቭ በተባለው የሕክምና ቅድመ ኅትመቶች ድረ ገጽ፣ በመጨረሻም በጆርናል ይወጣል። ስኮላር አንዳንዴ ሦስቱንም ለየብቻ ይመዘግባቸዋል። ቅድመ ኅትመቱና የጆርናሉ ጽሑፍ አንድ ሥራ ከሆኑ ሁለቱን ምልክት አድርጎ ማዋሃድና የጆርናሉን ቅጂ ዋና አድርጎ መምረጥ ነው። ከዚያ በሳይቴሽኑ ቁጥር አጠገብ ኮከብ ብቅ ካለ፣ ድምሩ ከዋናው ጽሑፍ የተለዩ ሊሆኑ የሚችሉ ቅጂዎችን ሳይቴሽንም ይዟል ማለት ነው። የዚያው ጥናት ያልሆነን አብስትራክት ቁጥር ለማሳደግ ብሎ ማዋሃድ ግን ማጭበርበር ነው፤ ኮከቡን ጠቅ ያደረገ ሁሉ ያየዋል።

ፕሮፋይሉ ላይ የሚታየውን ኤች-ኢንዴክስ ያቀረበው የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2005። የአንድ ሰው ኤች-ኢንዴክስ 5 ነው ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት፣ ቢያንስ 6 ጊዜ የተጠቀሱ 6 ጽሑፎች ግን የሉትም ማለት ነው። ሰባት ጽሑፎች 48፣ 31፣ 15፣ 9፣ 6፣ 5 እና 2 ጊዜ ቢጠቀሱ ኤች-ኢንዴክሱ 5 ነው፤ አምስተኛው ጽሑፍ 6 ሳይቴሽን አለው፣ ስድስተኛው ግን 5 ብቻ ስላለው አይበቃም። ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱትን የሚቆጥረው አይ10-ኢንዴክስ 3 ይሆናል። የ48ቱ ጽሑፍ ወደ 2000 ቢያድግ ሁለቱም ቁጥሮች ንቅንቅ አይሉም።

በሕክምና ዘርፍ የመጀመሪያው ስም አብዛኛውን ሥራ የሠራው፣ የመጨረሻው ደግሞ የመራው መሆኑ የተለመደ ነው። ስኮላር ይህን አይለይም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ደራሲዎች ባሉት የዓለም አቀፍ የበሽታ ጫና ጥናት መካከል ላይ ስሙ ያለ ሰው የሚያገኘው ሳይቴሽን ከመጀመሪያው ደራሲ እኩል ነው። የኤች-ኢንዴክስን ከፍታ አይቶ ከመደነቅ በፊት ዝርዝሩን ከፍቶ ስሙ የት እንዳለ መቁጠር ያዋጣል።

ቁጥሩ ጥራትንም አይናገርም። ሰርጂስፊር በተባለ ኩባንያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ስለ ወባ መድኃኒቱ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ላንሴት በተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ የወጣው ጽሑፍ በግንቦት 2020 (እ.ኤ.አ.) ታትሞ በሰኔ መጀመሪያ ተሽሯል፤ መጠቀሱ ግን አልቆመም። ማጭበርበርም ከባድ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የስፔን ተመራማሪዎች በፈጠራ ደራሲ ስም 6 የሐሰት ሰነዶችን በዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ላይ ጭነው፣ 774 ሳይቴሽን እንደሚጨመር አሳይተዋል።

የስኮፐስ ችግር ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ነው። ተቋም የቀየረን ወይም ስሙን በሁለት መልክ የጻፈን ሰው ለሁለት ይከፍለዋል። ኤች 6 እና ኤች 5 ያላቸው ሁለት ፕሮፋይሎች ሲዋሃዱ ግን ተደምረው 11 ይሆናሉ ማለት አይደለም፤ ሁሉም ጽሑፎች በአንድ ላይ ተደርድረው እንደገና ይቆጠራሉ። የደራሲ ፍለጋውም ሆነ የማስተካከያ ጥያቄው ያለ ክፍያ ይሠራል። ኦርኪድ የተባለው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ለዚህ ይጠቅማል፤ ስኮፐስ ከእሱ ጋር ይገናኛል። ኦርኪድ ራሱ ግን ሳይቴሽን አይቆጥርም።

መስክን ከመስክ ለማወዳደር ከስኮላርም ከስኮፐስም ከዌብ ኦፍ ሳይንስም ይልቅ አይሳይት የተባለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት መሣሪያ ይሻላል። ነጻ ነው፣ በፐብሜድ (የሕክምና ጽሑፎች ማውጫ) ያሉ ጽሑፎችን በተጠቀሱበት መጠን ይመዝናል፣ የአንድ ጽሑፍ ውጤት 1.0 ነው ማለት በዚያ መስክ ተቋማቱ በገንዘብ ከደገፏቸው ጽሑፎች መካከለኛው ላይ ነው ማለት ነው። በማመልከቻ ላይ ቁጥር ሲጻፍ ምንጩና የታየበት ቀን አብሮ ይግባ፤ «ኤች-ኢንዴክስ 14» ብቻውን ከየት እንደመጣ አይታወቅም።